ሠዓሊውና የጀማሪዎች መጽሐፍ

ከሥራ ውለው ወደ መጻሕፍት መደብር ጎራ ከሚሉ ሰዎች ገሚሶቹ መጽሐፍ ሊገዙ ይመጣሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ አውቶቡስ እስኪመጣ እግራቸውን ሊያሳርፉ። ሠዓሊው በዚያ አመሻሽ ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጎብጠው ስለዋሉ ወገባቸው አልቃና ብሏል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ቤታቸው ገብተው ጋደም ቢሉ በወደዱ። ነገር ግን ዛሬ ሳይገዙ ከሄዱ ነገም እንደማይመለሱ ራሳቸውን ያውቁታል። ስለዚህ የኮምፒውተር መጻሕፍት ከተደረደሩበት ፊት ቆመው፣ ጡብ የሚያህለውን አንዱን አውርደው፣ የጀርባውን ጽሑፍ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያነቡ ነበር።

ሠዓሊው የመማሪያ መጻሕፍት ለሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ሲስሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ልብን ከነደም ሥሩ፣ ተክልን ከነሥሩ፣ ሮጦ የሚወድቀውን ልጅ፣ ወድቆ የሚነሣውን ልጅ ስለው ያላስተማሩት ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። እጃቸው የተመሰከረለት ነው። አሁን ግን የሚፈለግባቸው ወረቀት ላይ ተጋድሞ የሚቀር ሥዕል ሳይሆን፣ ድረ ገጽ ላይ ሆኖ የሚንቀሳቀስ፣ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ሥዕል ነው። አኒሜሽን የሚሉት። መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ገዝቶ ኮምፒውተራቸው ላይ ጭኖላቸዋል፤ እሳቸውም ፕሮግራሙን ከፍቶ፣ ባዶውን ገጽ አይቶ፣ መልሶ መዝጋትን ተክነውበታል።

«ጋሼ፣ እንዴት አመሹ?»

ዞር ሲሉ የታላቅ እህታቸው ልጅ ናት። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የወደቀ ስልኩንና የደነዘዘ ኮምፒውተሩን እየያዘ ስለሚሄድባት «ወጌሻዋ» የሚል ቅጽል ወጥቶላታል። ድረ ገጽ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ አዲስ ገቢ ሠራተኞችን ታሠለጥናለች። ለቢሮዋ የታዘዘ መጽሐፍ ልትወስድ መምጣቷ ነበር። ስታስረዳ ውላ ድምፅዋ ሻክሯል፤ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዘዋወረች ነው የቆመችው። ሠዓሊው የእናቷን ጤና ጠየቁ፣ እሷም የቤቱን ሰው ሁሉ በየተራ ጠየቀች። ከዚያ ዓይኗ እጃቸው ላይ ያለው መጽሐፍ ላይ አረፈ።

«ይሄን ሊገዙ ነው?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም። ምን ሊሠሩበት አስበው ነው?»

«ልማርበት ነዋ፣ ልጄ።»

«ተምረው ምን ሊሠሩ ነው ማለቴ ነው።»

ሠዓሊው ጥያቄውን አልወደዱትም። ትምህርት ትምህርት ነው፤ ሰው ሲማር ምን ልታደርግበት ነው ተብሎ አይጠየቅም ብለው መለሱላት፤ ረጋ ብለው፣ ግን ቅር እንዳላቸው በሚያስታውቅ ድምፅ። ወጌሻዋ አልተከራከረችም። መስኮቱ ሥር ለደንበኞች ከተቀመጡት ወንበሮች ወደ ሁለቱ አመለከተችና እንቀመጥ አለቻቸው። የደከመው ወገባቸው ይህን ግብዣ አልገፋም፤ ተቀመጡ።

ቁጭ እንዳሉ፣ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ቤታቸው ሁለት እንዳለ ነገሯት። «ሁለቱም አሸንፈውኛል» አሉ። እንዴት እንዳሸነፏቸው ስትጠይቃቸው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሊነግሯት አልፈለጉም። እየቆየ ግን ሰው የሚጠይቀው ሲያገኝ ይናገራል፤ ተናገሩ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከዕረፍት ቀናቸው በአንዱ ይዘው ተቀምጠው፣ ቃል በቃል እየተከተሉ ሲሄዱ፣ በስክሪኑ የቀኝ ጥግ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫን የሚል ትእዛዝ ላይ ደረሱ። ቀኝ ጥግ ላይ ምንም ቁልፍ የለም። ግራውንም፣ ከላይም ከታችም ፈለጉ። ከሰዓቱ እንዲሁ አለቀ። በመጨረሻ፣ ይህ ነገር ለልጆች ነው፣ የኔ ጭንቅላት ከእንግዲህ ተዘግቷል ብለው ኮምፒውተሩን አጠፉት።

ወጌሻዋ መጽሐፉ መቼ እንደታተመ ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ቢሮ ያለው ፕሮግራም የትኛው እንደሆነም ጠየቀቻቸው፤ ሲከፈት የሚያሳየውን ጽሑፍ አስታውሰው ነገሯት። እሷም ፊቷን በመዳፏ አሸት አደረገች።

«ጋሼ፣ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለድሮው ፕሮግራም ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ስንቴ ታድሷል። ቁልፉ ከነበረበት ተነሥቷል። እርስዎ ስክሪን ላይ የለም፤ ቢፈልጉት ቢፈልጉት አያገኙትም ነበር።»

ሠዓሊው መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከመስኮቱ ባሻገር ሰው በሰልፍ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ እሱን ያዩ ይመስሉ ነበር።

«እኔ እኮ የደነቆርኩ መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ይህን ያነበበ ሰው፣ በዕድሜ የገፋ ወላጅ ወይም አለቃ ካለው፣ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ አይጎዳም። ስንቱ ሰው ነው መጽሐፉ አርጅቶ ሳለ ያረጀሁት እኔ ነኝ ብሎ የተወው! የወጥ ቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ክዳኑ ከድስቱ ጋር መግጠሙን ያያል፤ የሶፍትዌር መመሪያ የሚገዛ ሰው ግን መጽሐፉ ከፕሮግራሙ ጋር መግጠሙን ለማየት ሽፋኑን እንኳ አይገልጥም። ሠዓሊውም እንዲሁ ነበሩ።

ሁለተኛው መጽሐፍስ? ሁለተኛው ለአዲሱ ፕሮግራም የተጻፈ ነበር፤ በዚያ በኩል እንከን የለውም። ግን ከፕሮግራሙ ታሪክ ይጀምራል። ከታሪኩ ወደ ማስተካከያዎቹ፣ ከማስተካከያዎቹ ወደ ቀለም አመራረጥ ይሄዳል። «ስለ ቀለም ለኔ!» አሉ ሠዓሊው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ሊያነቡት ይቀመጣሉ፤ አንዲት ነጥብ እንኳ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ባለቤታቸው መጽሐፉን ከደረታቸው ላይ ማንሣት ለምዳለች።

ወጌሻዋ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደችና አንድ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ ተመለሰች። ሽፋኑ ላይ ዓይንና እግር ያለው ኳስ እየዘለለ ይስቃል። ከላዩ «ለፍጹም ጀማሪዎች» ተብሎ ተጽፏል። ሠዓሊው አላነሡትም።

«ዓይን ያለው ኳስ ይዤ አውቶቡስ ላይ ልውጣ?»

«በጋዜጣ ይጠቅልሉት» አለች፤ አልሳቀችም።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ጠና። ሠዓሊው፣ ሙሉው እያለ ጎዶሎውን መግዛት ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው አሉ። ሙያ ከሥሩ ይያዛል እንጂ ከቅርንጫፉ አይያዝም አሉ። እሳቸውን ያሠለጠናቸው መምህር ፊት እንዲስሉ ከመፍቀዱ በፊት መስመር ብቻ እያስሰመራቸው ብዙ ጊዜ እንዳቆያቸው፣ ያኔ ቢያለቅሱም ዛሬ እጃቸው የማይንቀጠቀጠው በዚያ የተነሣ እንደሆነ ነገሯት። የዛሬ ልጅ ግን ሁሉን አቋራጭ መንገድ ይፈልጋል። «አንቺን አይደለም» አሉ ወዲያው፤ ደግ ሰው ናቸውና።

ወጌሻዋ እስኪጨርሱ ጠበቀች። እንዲህ ዓይነቱን ክርክር በሥራዋ ላይ ከወጣቶችም ጭምር እንደምትሰማው በፊቷ ያስታውቃል።

«መምህርዎ መስመር ሲያስሰምርዎት እጅዎ ላይ ምን ነበር?»

«እርሳስ ነዋ።»

«ስለ መስመር የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም?»

«ምን መጽሐፍ አለና! እያሰመርኩ ነው እንጂ።»

«እንግዲህ መምህርዎ ከመጀመሪያው ቀን ነው ያሠራዎት። መስመሩ ትንሽ ነበረ፤ ግን የእርስዎ ነበረ። ይሄ ቀጭኑም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እርስዎን የመምህርዎ መንገድ የሚመስልዎት ወፍራሙ ነው፤ ወፍራሙ ግን እርሳስ አያስይዝም።»

ሠዓሊው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ለመሸነፍ ግን ዝግጁ አልነበሩም።

«ካልነገሩኝ ልረዳዎት አልችልም» አለች ወጌሻዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን ሊሠሩበት ነው?»

ያን ጊዜ ነገሯት።

መሥሪያ ቤታቸው፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች የምልክት ቋንቋ የሚማሩበት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሥዕሎቹ በሙሉ የሳቸው ናቸው። እጅ ይስላሉ፤ ከእጁ አጠገብ ቀስት ያደርጋሉ፤ ቀስቱ እጁ በየት በኩል እንደሚሄድ ያመለክታል። አንዲት ልብስ ሰፊ፣ መስማት የተሳናት ልጇ ከምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ክፍል ገብታ እንድትማር ሥራዋ አይፈቅድላትም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ገዝታ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ዘርግታ፣ ብቻዋን ታጠና ነበር። አንድ ቀን ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእጇ አንድ ነገር አለቻት። «አመመኝ» ነው ያለቻት። በመጽሐፉ ውስጥ «አመመኝ» እና «ራበኝ» የተሳሉት በአንድ ዓይነት የእጅ አያያዝ ነው፤ የሚለዩት በእንቅስቃሴያቸው ብቻ ነው። እናት አንደኛውን ቀስት አሳስታ አንብባ፣ አሳስታ አጥንታዋለች። ስለዚህ ምግብ አቀረበች። ልጅቱ አልበላም ብላ ደግማ አመለከተች፤ እናት ይሄኛውን ጠልታው ይሆናል ብላ ሌላ ሠራች። ልጅቱ መሬት ላይ ተኮራምታ እስክትተኛ ድረስ እንዲህ ሆኑ። ትርፍ አንጀት ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ፈንድቷል። ከብዙ ሥቃይ በኋላ ተረፈች።

«ከዚያ እናትየዋ መጽሐፉን ይዛ ቢሮ መጣች» አሉ ሠዓሊው። «ልትጮህብኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ገጹን ገልጣ ‹ጌታው፣ ይሄ ቀስት የቱ ጋ ነው የሚቆመው?› አለችኝ። በእጄ ሠርቼ አሳየኋት። ‹እንዲህ ነው እንዴ?› አለች። ሌላ ምንም አላለችም።»

ወጌሻዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሩ ሥር አኖረችው።

«ሥዕሉ ስሕተት የለበትም» አሉ ሠዓሊው። «ስንቴ አየሁት። ግን ወረቀት ላይ ያለ እጅ አይሄድም። ለዚህ ነው ሙሉውን የምፈልገው። በዚህ ነገር ጎዶሎ ዕውቀት አልፈልግም፣ ልጄ። ጎዶሎው ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።»

ይህ አነጋገር የሞኝ አነጋገር አይደለም፤ ወጌሻዋም እንደ ሞኝ አልቆጠረችውም። ድካሟ ከፊቷ አልጠፋም፤ ንግግሯ ግን ለሰልጣኞች የሚነገር መሆኑ ቀርቶ ለአጎት የሚነገር ሆነ።

«ሙሉውን እስኪያውቁ ድረስ ሌሎቹ እናቶች ምን ይያዙ?» አለች። «እነሱ እጅ ላይ ያለው አሁንም ያው ቀስት ነው።»

ሠዓሊው ቀና ብለው አዩዋት።

«አንድ ነገር እንሞክር። ወፍራሙን ይግለጡና፣ አንድ እጅ ከዚህ ተነሥቶ እዚህ ድረስ እንዲሄድ የሚደረገው እንዴት እንደሆነ ይፈልጉልኝ። ሌላ አይደለም፤ እሱን ብቻ።»

ሠዓሊው ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ማውጫ ገልጠው እንቅስቃሴ የሚለውን አገኙ። ወደተባለው ገጽ ሄዱ። ገጹ፣ ይህን ከመጀመርህ በፊት ስለ ንብርብሮች፣ ማለትም ተደራርበው ስለሚቀመጡ የሥዕል ገጾች፣ የተጻፈውን ምዕራፍ ተመልከት ይላል። ያንን ላለመልቀቅ ጣታቸውን ሰክተው ወደ ምዕራፉ ሄዱ። እሱ ደግሞ ወደ ማስተካከያዎቹ ይመልሳቸዋል። እዚያም ጣት ሰኩ። ከማስተካከያዎቹ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ፣ ወደ ቃላት መፍቻ ተላኩ። ሲሄዱ ሲሄዱ ጣት አለቀባቸው። ፈገግ አሉ፤ በዚያ አመሻሽ የመጀመሪያው ነው።

ቀጭኑን ራሳቸው ነው ያነሡት። ከአጭር መግቢያ ቀጥሎ ወዲያው ኳስ አለ። ኳሱን እዚህ አስቀምጥ፤ ጊዜውን ወደፊት ግፋ፤ ኳሱን እዚያ አስቀምጥ፤ መሐል ያለውን ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል ይላል። አጠገቡ ስክሪኑ እንዳለ ተሥሏል። ቀጥሎ ያለው ገጽ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየዞረ እንዲሄድ ያሳያል። ሠዓሊው ጣታቸውን በሥዕሉ ላይ አስከትለው አነበቡት፤ ከዚያም ደግመው አነበቡት።

«በኳሱ ፈንታ እጅ ካደረግሁ?»

«እጅ ይሄዳል።»

«ይሄው ነው?»

«ለመጀመሪያው ሥራ ይሄው ነው።»

ድምፅ ማስገባትስ፣ የሚጫኑት ቁልፍ መሥራትስ ብለው ጠየቁ፤ እነዚያ ቀጭኑ ውስጥ የሉም። ወጌሻዋ አልደበቀችም። የሉም አለች። ሲያስፈልጉ ያን ጊዜ ወፍራሙ ይገዛል፤ የሚፈልጉትን ለይተው ስለሚያውቁ ወፍራሙ መጽሐፍ መድኃኒት ይሆንልዎታል እንጂ እንቅልፍ አያመጣም አለቻቸው። መጽሐፉ ለየትኛው ፕሮግራም እንደተጻፈ አብረው ሽፋኑን ገልጠው አዩ፤ የቢሮው ነው። የሚሠራው ነገር በዛሬ ስልክ ይከፈት እንደሆነም አዩ፤ አንዳንዱ አሠራር የሚያወጣውን ሥዕል አዲስ ስልክ አይከፍተውም፤ ይሄኛው ግን ለስልክ እንዴት እንደሚዘጋጅ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። በመጨረሻም ከመሐል አንድ ገጽ ዝም ብለው ገልጠው እንዲያነቡ አደረገቻቸው።

«ገባዎት?»

«ገባኝ።»

«ባይገባዎት ኖሮ ይመልሱት እልዎት ነበር። የጻፈው ማንም ይሁን ማን።»

ሠዓሊው ወፍራሙን ወደ ቦታው መለሱና ቀጭኑን ይዘው ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄዱ። ጋዜጣ አልጠየቁም። ወጌሻዋም ለቢሮዋ የታዘዘውን ተቀብላ አብረው ወጡ። አውቶቡሱ ውስጥ ወጌሻዋ ራሷን መስታወቱ ላይ ጥላ ተኛች፤ እሳቸው የመጀመሪያውን ምዕራፍ እያነበቡ ሲሄዱ መውረጃቸውን ሊያልፉ ምንም አልቀራቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና አልሆነም። መጀመሪያ የሣሉት እጅ መሄዱን ሄደ፤ ግን ሳይቆም ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ። ሌላ ጊዜ አውራ ጣቱ ብቻ ሄዶ መዳፉ ቀረ። ወጌሻዋ ጋ ሲደውሉ፣ መልሱ ያሉበት ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው ገጽ ላይ ነው አለቻቸው፤ እውነትም እዚያው ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ሲበላሽም ምን እንደተበላሸ የሚያዩት ነገር ነበራቸው፤ ቀድሞ እኮ የሚበላሽ ነገር እንኳ አልነበረም። የሰለጠነው እጃቸው እያደር ረዳቸው። እጅ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ አንጓው ከጣቱ ቀድሞ እንዴት እንደሚዞር ከማንም ይበልጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ የጎደላቸው ያንን ለኮምፒውተሩ የሚነግሩበት ቋንቋ ብቻ ነበር። ቀጭኑ መጽሐፍ ቋንቋውን አቀበላቸው። «አመመኝ» እና «ራበኝ» አስቀድመው ተሠሩ። ቀጥሎ «ውኃ»፣ «ፈራሁ»፣ «እማዬ»።

ምልክቶቹ የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሲወጡ፣ ክፍል ገብተው መማር የማይችሉ ወላጆች ሥራ ቦታቸው ሆነው፣ ስልካቸውን ከግድግዳ አስደግፈው ያዩዋቸው ጀመር። መምህራኑ ቀስት መተርጎም ቀረላቸው። ሠዓሊውም ባረጁበት በዚያ ቢሮ ውስጥ ሥራቸውን ጠብቀው ቀሩ፤ ወጣቶቹ ባልደረቦቻቸውም የእጅን አሣሣል ሊጠይቋቸው ይመጡ ጀመር። ልብ ላለው ሰው ትምህርቱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የምትሠራውን ዕወቅ፤ ከዚያ ለዚያ ሥራ የሚበቃህን፣ ከመሣሪያህ ጋር የሚገጥመውን፣ ቶሎ እጅህን ሥራ ላይ የሚያኖረውን መጽሐፍ ምረጥ። የመጽሐፉ ውፍረት የአንባቢውን ክብር አይጨምርም፤ ቀጭንነቱም አይቀንሰውም።

አንድ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ ልጇን አስከትላ ቢሮ መጣች። ልጅቱ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ ናት። እናት ስልኳን አውጥታ ያንን ምልክት ከፈተችና እጁ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲሄድ አየች። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ ራሷ ሠራችው። ልጅቱ የእናቷን እጅ ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። እናት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። 

ሊሄዱ ሲሉ ልጅቱ ወደ ሠዓሊው ዞራ መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር አደረገች። ዓይኗን ጨፍና የአፍንጫዋን ሥር በሁለት ጣቷ አሸችው። ሠዓሊው አልገባቸውም። እናትም አልገባትም፤ በእጇ ቀስ እያለች ጠየቀቻት፤ ልጅቱ መለሰች፤ እናት ሳቀች።

«ስምዎ ነው» አለች። «ሰውን ፊደል በፊደል በጣት መጥራት ይረዝማል፤ ስለዚህ ባየችበት ነገር ስም ታወጣለታለች። ከገባን ጀምሮ ዓይንዎን እንዲህ ሲያሹ አይታ ነው።»

ሠዓሊው በማግሥቱ ጠዋት ከሌላው ሥራ አስቀድመው እሱን ሣሉት፤ ዓይኑን የሚያሽ አንድ ሽማግሌ። እጁ ተነሣ፣ ፊቱ ላይ ደረሰ፣ አሸና ወረደ። ሲጨርሱ ወደ እናትየዋ ስልክ ላኩት። ከምሳ በኋላ መልስ መጣ። ልጅቱ በጣም ወዳዋለች፤ ግን ዓይኑ ትንሽ ቀድሞ መጨፈን አለበት ትላለች ይላል።

ሠዓሊው ደክሟቸው ነበር። ሥዕሉን እንደገና ሲያዩት ልጅቱ እውነቷን ነው፤ ወንበራቸውን ሳቡና ያስተካክሉት ጀመር።